ከሁለት ቋጥኞች መሃል

አማቴ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ገጠር መጥተው እኛ ጋ የሰነበቱት ጥቅምት ላይ ነው። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ስለሚከብዳቸው ሳምንቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆመው ከማዶ ወደሚታየው ተራራ ሲያዩ ይውሉ ነበር። እኔና እሳቸው ብዙም አናወራም። ካገባሁ ዓመታት ቢያልፉም እሳቸው ባሉበት ድምፄን ከፍ አድርጌ መሳቅ እንኳን ይከብደኝ ነበር።

ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ገባ። ሁለታችን ተፋጥጠን ከምንውል ብዬ ተራራውን በቅርብ ለምን አናየውም አልኳቸው። ሳልጨርስ ሸራ ጫማቸውን ፍለጋ ተነሱ። እኔ ለእግር ጉዞ ብዬ ጉርድ ሾላ የገዛሁት፣ አንድ ቀን እንኳን ያልለበስኩት የስፖርት ሱሪ ነበረኝ። ለበስኩትና መስታወት ፊት ስቆም ሐፍረት ያዘኝ፤ እሳቸው ፊት ሱሪ ለብሼ አላውቅም። ቢሸፍነኝ ብዬ ጃኬቴን ወገቤ ላይ በእጅጌዎቹ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት።

ታክሲ ካወረደን በኋላ በባሕር ዛፉ መሃል ወደ ላይ የሚወጣውን የእግር መንገድ ተያያዝነው። አማቴ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ቆም እያሉ ደከመሽ ወይ ይሉኛል፤ እኔ እያለከለክሁ ኧረ ምንም አልል እላለሁ።

ከላይ ትልልቅ ቋጥኞች ያሉበት ሜዳ ደረስን። ሁለቱ ተደጋግፈው ቆመው መሃላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። ወጣቶች እየተሳሳቁ ፎቶ ይነሳሉ። አማቴ ክፍተቱን ሲያዩ ቆሙ። በእሳቸው አገር ከገዳሙ በታች ልክ እንደዚህ ያለ ሽንቁር እንዳለ፣ ኃጢአት ያለበትን ሰው አያሳልፍም እንደሚባል ነገሩኝ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በጎናቸው ገቡና ወዲያ ማዶ ወጡ። «ነይ እንጂ» አሉኝ ከዚያ።

ዞሬ መሄድ እችል ነበር። ግን ወጣቶቹ እያዩኝ ነው፤ አሮጊቷ አማቴ እንኳን አልፈዋል። ገባሁ።

እኩሌታው ላይ ስደርስ የሆነ ነገር ወገቤን ያዘኝ። ወደፊት ብል እምቢ፣ ወደኋላ ብል እምቢ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ በኃይል ስገፋ አንድ ነገር ተርርር ብሎ ተቀደደ፤ ትንፋሼም አጠረኝ። ቀዝቃዛው ድንጋይ ጉንጬ ላይ ተለጥፏል። ከበስተኋላዬ አንዷ ልጅ «ሪላክስ በይ እናቴ፣ ትንፋሽ ውሰጂ» አለችኝ። እናቴ ያለችኝ ገና አርባ ያልሞላኝን ሴት ነው። ስልክ አውጥተው መቅረጽ ሲጀምሩ ተሰማኝ። አንዱ ደግሞ ቅድም አማቴ ያሉትን ሰምቶ ኖሮ፣ ኃጢአቷ ከብዶ ነው አለ። ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔም ከእነሱ ጋ ብሆን እስቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር አላምንም እላለሁ። እዚያ ውስጥ ግን ምን አድርጌ ይሆን ብዬ ራሴን መመርመር ያዝኩ፤ የማስበውም አላጣሁም። ዕንባዬ መጣ። ፊቴን ድንጋዩ ይሸፍነዋል፣ የትከሻዬን መንቀጥቀጥ ግን ሁሉም ያየዋል።

አማቴ ከማዶ ተመልሰው ገቡ። እንደዚያ ፊት ለፊት ተቀራርበን አናውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ይሂዱ እማማ፣ አይዩኝ» አልኳቸው።

ወገቤን በእጃቸው ዳበሱኝ። «ኃጢአት አይደለም ልጄ፣ ቋጠሮ ነው» አሉ።

የጃኬቴ ቋጠሮ ወደ ዳሌዬ ዞሮ የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተሰንቅሮ ነበር። በጣታቸው ሞከሩ፣ አልሆነም። ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ፈቱት።

ስወጣ ሱሪዬ ከኋላ እስከ ጭኔ ተተርትሯል። ጃኬቱ እዚያው ውስጥ ቀርቷል። አማቴ ነጠላቸውን አውልቀው ወገቤ ላይ ጠመጠሙልኝ። ወጣቶቹ ቋጥኙን ዞረው መጥተው ቆመዋል። አማቴ ዞር ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ «እናንተም እለፉ እንጂ፣ እኛም እንያችሁ» አሏቸው። ማንም አልገባም። የሚቀርጸው ልጅ ይቅርታ እማማ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ጃኬቴንም በእንጨት ስቦ አወጣልኝ።

ስንወርድ ያገኘን ሰው ሁሉ ወገቤን የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ ጥላ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያገራቸውን ሽንቁር ዕድሜያቸውን ሙሉ አጠገቡ ሲኖሩ አንድም ቀን ገብተውበት እንደማያውቁ ነገሩኝ።

ለምን አልኳቸው።

«ብቀረቀርስ? የአገር ሰው ቆሞ እያየ? ዛሬ የሚያውቀኝ ስለሌለ ደፈርኩ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ታውቂኛለሽ። አንቺ ፊት ብቀረቀር ግን ምን አለበት ብዬ ነው።»

እኔ እንዲህ ሆኜ እንዲያዩኝ ከማልፈልጋቸው ሰዎች የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ከወጣቶቹ ሳቅም፣ ከተቀደደው ሱሪም ይልቅ ያሳፈረኝ ይሄ ነው። እርስዎም ለእኔ እንደዚያ ነዎት ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ውሸት ስለሚሆን መልሼ ዘጋሁት።

ማታ ባለቤቴ እንዴት ነበር ሲለን፣ አየሩ ደግ ነው አሉት፤ ሌላ አልጨመሩም። በማግስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሱሪዬን ሰፉልኝ። በሳምንቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አሁን ሲደውሉ ከልጃቸው በፊት እኔን ይጠይቃሉ። ተራራውን ትወጪያለሽ ወይ ይሉኛል። አዎ እማማ እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወጥቼ አላውቅም።