አማትና ምራት የገዙት ቤት

ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ጠባብ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የገዙት አማትና ምራት ናቸው። ባልና ሚስት ተጋግዘው ቤት ሲገዙ አይተናል። ወንድማማቾች ገዝተው ሲካሰሱም አይተናል። አማትና ምራት፣ ያውም የሚያገናኛቸው ሰው ጥሏቸው ከሄደ በኋላ፣ አንድ የብድር ውል ላይ ጎን ለጎን ሲፈርሙ ግን ሰፈራችን ከዚያ በፊት አልሰማም።

ምራቲቱ ጥርስ ሠሪ ናት። ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪሙ ነቅሎ የጣለውን የምትተካ ናት። ያን ጊዜ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ፣ መስኮቱ በጄሶ ብናኝ በነጣ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰው ድድ በሰም እየቀረጸች ጥርሱን አንድ በአንድ ትደረድር ነበር። ሽማግሌ አፍ ላይ የኮረዳ ጥርስ አትገጥምም። «ትንሽ መጥመም አለበት፤ አለበለዚያ ሰውየው ሲስቅ ጥርሱ ብቻውን የሚስቅ ይመስላል» ትላለች። ሰፈሩ «ጥርሴ» ይላታል። ስትጠራ «አቤት» ትላለች እንጂ ተቀይማ አታውቅም።

አማትየዋ ደግሞ ሠላሳ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም በር ሲንኳኳ የሚመልሱት «ሀሎ!» ብለው ስለሆነ እማማ ሀሎ ተብለው ቀሩ። ድምፃቸው የተገራው ሩቅ አገር ላለ ሰው ለማሰማት ነውና በኛና በነሱ መካከል ያለው ግድግዳ ለሳቸው ከመጋረጃ አይቆጠርም። የቤታቸውን ጉዳይ ሁሉ ያወቅኩትም በዚሁ ነው፤ ጆሮዬን ለጥፌ አይደለም።

የእማማ ሀሎ ልጅ፣ የጥርሴ ባል ማለት ነው፣ የድምፅ ማጉያ ባለሙያ ነበር። ከሙዚቃ ቡድኖች ጋር ከከተማ ከተማ ይዞራል። ሲዞር ሲዞር አንድ ጊዜ መመለሻው ጠፋበት። በዓመቱ በእሱ ፋንታ የፍቺ ወረቀት መጣ። ያኔ አማት፣ ምራትና አሥር ዓመት የሞላት የልጅ ልጅ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባሉ ሁለት የኪራይ ክፍሎች ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ጥርሴ ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትጠቀጥቅ ጀመር። እማማ ሀሎ መጥተው ሻንጣው ላይ ቁጭ አሉ።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«እማዬ፣ ከእንግዲህ በምን አፌ እዚህ እቀመጣለሁ? ልጅዎ እኮ ፈታኝ።»

«እሱ ይፍታሽ። እኔ መቼ ፈታሁሽ?»

ጥርሴ አለቀሰች። አሮጊቷ ከሻንጣው ላይ ንቅንቅ አላሉም። «በይ አልቅሺ፣ ሲወጣልሽ ንገሪኝ፤ የምንነጋገረው ጉዳይ አለ» አሉ። ጉዳዩ ቤት ነበር። አከራያቸው ኪራይ በጨመረ ቁጥር «ዱቄት ተወዶ ነው» ይላል፤ ዱቄቱ የታችኛው ዳቦ ቤት ጉዳይ ነው፤ ከነሱ ክፍል ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አስረድቶ አያውቅም። እማማ ሀሎ የጡረታ ቁጠባ አላቸው፤ የማያደርጉት አንድ ጥንድ የወርቅ አምባርም አላቸው። ምራትየዋ ደመወዝ አላት። «ከሁለት ግማሽ ሴት አንድ ሙሉ ተበዳሪ ይወጣል» አሉ።

ባንክ ቤት የተቀበላቸው ጢሙ ገና የሚያቅማማ ወጣት ነበር። ጥርሴ ያኔ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ወጣቱ ቁጥሮቹን ነካካና፣ «ብድሩ የሃያ ዓመት ነው፤ ሲጨርሱ ስልሳ አምስት ይሆንዎታል» አላት። ከዚያ ወደ እማማ ሀሎ ዞረና እስክሪብቶውን ያገላብጥ ጀመር።

«በል እንጂ፣ የኔንም ደምርልኝ» አሉት።

«እርስዎ… ሰማንያ ስምንት።»

«ጎሽ፣ ሒሳብ ትችላለህ። ቀጥል።»

«እማማ፣ አብዛኛው ሰው ጡረታ ሳይወጣ መጨረስ ነው የሚመርጠው።»

«እኔማ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። እሱ አያሳስብህ።»

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ የሚፈረምበትን ቦታ አሳያቸው።

ቤቱን ሲረከቡ ያገዝናቸው እኛ ነን። ደረጃው ያቃስታል። የመታጠቢያ ቤቱ በር በእርግጫ ካልሆነ አይዘጋም። የወጥ ቤቱን መስኮት ሲከፍቱት የሚታየው የኛ ግድግዳ ነው፤ እማማ ሀሎ ግን «ቢያንስ ዱቄት የለውም» ብለው ተቀበሉት። የልጅ ልጅቷ አንድ ጨዋታ አመጣች። በየወሩ ክፍያው ሲገባ «ዛሬ የገዛነው ምንድን ነው?» ትላለች። የመጀመሪያው ወር የውጭ በሩ እጀታ ሆነ። ሁለተኛው ወር ሁለት የደረጃ እርከን። እየቆየ ጨዋታው ወደ ትልልቆቹ ተጋባና፣ አማትና ምራት በመስኮት መክፈትና መዝጋት በተጣሉ ቁጥር እማማ ሀሎ «ከኔ ደረጃ ላይ ውረጅልኝ!» ሲሉ እንሰማ ነበር። «እርስዎስ የኔን እጀታ ለምን ይነካሉ?» ትላለች ጥርሴ። ጥቂት ቆይቶ የሾርባ ማንኪያ ድምፅ ይመጣል። ተጣልተው ምሳ ያለፋቸው ቀን የለም።

እንዲህ እያለ ዓመቱ ነጎደ። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ክሊኒኩ ጥርስ የሚፈለፍል ማሽን ገዛ። ማሽኑ የአፍን ፎቶ ያነሳል፣ ጥርሱን ራሱ ቀርጾ ያወጣል። ለጥርሴ አበባና የምስጋና ወረቀት ሰጥተው አሰናበቷት። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። አበባውን ይዛ ስትገባ እማማ ሀሎ፣ «ማን ሞተ?» አሉ።

«ሥራዬ።»

ለጥቂት ወራት ቤቱ ዝም አለ፤ እኛም ዝምታው አስጨነቀን። ጥርሴ ያላንኳኳችው የክሊኒክ በር የለም፤ ሁሉም ዘንድ ማሽኑ ቀድሟት ገብቷል። ባንኩ አንዴ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ። ሁለተኛውን ጊዜ ያነሱት እማማ ሀሎ ናቸው። የደወለችውን ልጅ ስለ ጉንፋኗ ጠይቀው፣ መድኃኒት መክረው፣ የሁለት ወር ጊዜ አስጨምረው ዘጉት። ስልኩን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና፣ «ይሄ እኮ ሥራ ነው» አሉ።

ሰፈሩ ጫፍ ላይ ያለ አንድ የታክሲ ድርጅት የስልክ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። እማማ ሀሎ ደወሉ። ባለቤቱ አንድ ሁለት ነገር ጠየቃቸውና «ነገ ይጀምሩ» አላቸው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ እሱ አልጠየቀ፣ እሳቸው አልተናገሩ። በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ።

«እኔ እኮ… የሠላሳ ዓመት ሴት መስለውኝ ነበር።»

«ድምፄ ነው። እሱን አላመመኝም። ወንበሩ የትኛው ነው?»

በወር ውስጥ ሹፌሮቹ ያለሳቸው መንገድ የማያውቁ ሆኑ። ደንበኛ ሲደውል «ሀሎ! የት ነሽ ልጄ? ኮት ለብሰሻል? ውጪው ቀዝቅዟል» ይላሉ። ታክሲ ሳይፈልግ ወሬ ፈልጎ የሚደውልም ነበር፤ እሱን «መስመር አታጣብ» ብለው ይዘጉበታል፣ ግን እናቱ እንዴት እንዳደረች ጠይቀው ነው። የዚያን ዓመት ክፍያ ቤቱ የተሸከመው በሳቸው ጉሮሮ ነው።

ጥርሴም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ማሽኑ አዲስ ጥርስ ይሠራል እንጂ የተሰበረ አይጠግንም። ሰው ሠራሽ ጥርሱ መታጠቢያ ውስጥ ወድቆ ሁለት የሆነበት ሰው፣ ልጁን ነገ ሊድር ያለ አባት፣ ሁለት ሳምንት ጠብቅ ቢባል ምን ብሎ ይጠብቃል? ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ባዶ አድርጋ፣ ጠረጴዛና መብራት አስገብታ፣ በሩ ላይ «ጥርስ ይጠገናል» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። መጀመሪያ የመጣው የታክሲ ድርጅቱ ባለቤት ነበር፤ ለካ የፊት ጥርሱ ሰው ሠራሽ ኖሯል፣ ለውዝ ሲሰብርበት ተሰነጠቀ። አፉን በመሐረብ ሸፍኖ ገባ፣ እየሳቀ ወጣ። በየቀኑ ከሰው ጋር የሚያወራ ሰው አፍ ማስታወቂያ ነው። ዓመት ሳይሞላ ጥርሴ ቀጠሮ መስጠት ጀመረች፤ እማማ ሀሎም ሁለተኛውን ጡረታቸውን ወጡ። ሹፌሮቹ በሽኝቱ ቀን ጥሩምባ እየነፉ በሰልፍ ነው ቤታቸው ያደረሷቸው።

በአሥራ አራተኛው ዓመት የእማማ ሀሎ ልጅ መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ሻንጣው ያው ይዞት የሄደው ነው። እማማ ሀሎ በሩን ከፍተው ከፀጉሩ እስከ ሻንጣው አዩት። እኔ ደጄን እየጠረግኩ ነበር፤ መጥረጊያው እጄ ላይ ቀረ።

«እማዬ፣ ቤትሽ መጣሁ» አለ።

«የኔ ብቻ አይደለም። ባንኩ ከኔና ከሷ ገና የስድስት ዓመት ክፍያ ይፈልጋል። ከዚያ ላይ ስንቱን ትከፍላለህ?»

ሰውየው ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። ከውስጥ ጥርሴ፣ «እማዬ፣ ይግባ እንጂ፤ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ አይከራከርም» አለች። ገባ፣ በላ፣ ሶፋው ላይ ተኛ። በማግስቱ ማንም ሳያዘው ከእንጨት ቤት ሳንቃ ገዝቶ መጣና ደረጃውን መፍታት ጀመረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መዶሻው አላስተኛንም፤ ግን ደረጃው ማቃሰቱን አቆመ፣ የመታጠቢያ ቤቱም በር እንደ ሰው በር በጣት ግፊት ተዘጋ። ሲጨርስ ከነሱ ጋር ልኑር አላለም። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ክፍል ተከራየ፤ እሑድ እሑድ እየመጣ ከልጁ ጋር ይበላል። ጥርሴ ወደ ትዳሩ አልተመለሰችም። «በደረጃ ታርቀናል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም» አለችኝ አንድ ቀን፤ ፊቷ ላይ ቂም አልነበረም።

የመጨረሻው ክፍያ ቀን ደረሰ። በስልክ ከቤት ሆኖ መክፈል ይቻል ነበር፤ ልጅቷ፣ አሁን ሠላሳ ዓመት የሞላት አስተማሪ፣ «አያቴ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው» ብላ ነበር። እማማ ሀሎ «ሃያ ዓመት የከፈልኩትን በአውራ ጣት አልዘጋም» አሉ። አዲስ ኮታቸውን ለበሱ፤ በመኪናዬ ወሰድኳቸው።

አዳራሹ ሞልቷል። ገንዘብ ተቀባይዋ ወረቀቱን አየች፣ ነካካች፣ ማኅተም መታች። «አልቋል» አለች ቀስ ብላ።

እማማ ሀሎ ጆሯቸው ከብዷል። «ሀሎ? ምን አልሽ?»

«ጨርሳችኋል!»

«መስመሩ ጥሩ አይደለም፣ ጮክ በይ!»

«እማማ፣ የቤት ዕዳ የለባችሁም!» ብላ ጮኸች ገንዘብ ተቀባይዋ። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ሁሉም።

«በስንት ዓመትዎ ጨረሱ?» አሉ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ።

«እሷ በስልሳ አምስት፣ እኔ በሰማንያ ስምንት።»

«እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ገና ስድስት ዓመት ይቀረኛል። ለልጆቼ አፍሬ አልናገርም ነበር።»

«እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ጨረስኩ» አለች ቦርሳዋን ያቀፈች ሴት። «ግን መች ኮራሁበት! በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ለልጄ ብዬ እንደገና ተበደርኩ።»

ወንበሩ ጫፍ ላይ አዲስ ተጋቢዎች ተቀምጠዋል፤ ሊፈርሙ የመጡ ናቸው። ሚስትየዋ በጣቷ ቆጥራ ቆጥራ፣ «እኔ በስልሳ ሦስት፣ አንተ በስልሳ ስድስት» ስትለው ባልየው ፊቱ ጄሶ መሰለ። እማማ ሀሎ ከዘራቸውን ተደግፈው አጠገቡ ሄዱ።

«አይዞህ ልጄ። ዕድሜው ብትበደርም ያልፋል፣ ባትበደርም ያልፋል። ዋናው ከማን ጋር እንደምትከፍል ነው። ምግብ ትችላለች?»

«እሱ ነው የሚያበስለው» አለች ሚስትየዋ።

«በሉ ፈርሙ እንግዲያው!»

ጥርሴ መስኮቱ ጋ ቆማ ወረቀቱን ታያለች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አቃተኝ፤ ሁለቱንም ሳታደርግ አልቀረችም።

በሚቀጥለው ወር የክፍያው ቀን ሲደርስ ገንዘቡ እዚያው ተቀመጠ። ጥርሴ የምታደርግበት ጠፍቷት ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስትንጎራደድ ዋለች። «አንድ ነገር ተመኚ እንጂ፣ ሰው አይደለሽም?» አሏት አማቷ። ጥርሴ ብዙ አሰበችና፣ «መዋኘት» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ትፈራ ነበር፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

አሁን ሰኞ ሰኞ ከከተማው መዋኛ ገንዳ የሴቶች ሰዓት ላይ አትቀርም። እማማ ሀሎ ጠርዙ ላይ በፕላስቲክ ወንበር፣ ከነኮታቸው፣ ይቀመጣሉ። አሠልጣኟ መጀመሪያ «እማማ፣ እባክዎ ዝቅ ብለው ይናገሩ፣ አዳራሹ ያስተጋባል» ብላቸው ነበር፤ አሁን ትታዋለች፤ እንዲያውም ሌሎቹ ተማሪዎች ትንፋሻቸውን የሚቆጥሩት በሳቸው ድምፅ ነው። ባለፈው ሰኞ ባለቤቴ ከነሱ ጋር ሄዳ ነበር። ጥርሴ የገንዳውን ጠርዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቀች፣ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ውሃው ተሸከማት።

«እማዬ! ተንሳፈፍኩ!»

«አየሁሽ፣ አየሁሽ!» አሉ እማማ ሀሎ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ግን አፍሽን ግጠሚ፣ ገንዳውን ጠጥተሽ ልትጨርሺው ነው!»