ኦስሞ የዘገየባት ምት

ኦስሞ ካርፒነን በካያኒ ከተማ የበረዶ ጠራጊ መኪና ሾፌር ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አግብቶ ፈትቷል፤ አንዲት ልጁ ሄልሲንኪ ትኖራለች። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። በወጣትነቱ ሃላንማ በሚባለው፣ ፕሮግሬሲቭ ሜታል የተሰኘውን ከባድ ሮክ በሚጫወተው ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ እሱም አያወራውም። የእኛ የካያኒ ሰው እንዲህ ነው፤ የሆዱን በሆዱ ይዞ ይሞታል እንጂ አይተነፍስም።

ሃላንማ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰባት አልበም አውጥቷል፤ በሰባቱም ጀርባ ላይ ያለው ፎቶ የተለያየ ነው። ዘፋኙ አራት ጊዜ ተቀይሯል፤ ድራም መቺው አምስት ጊዜ፤ የቤዙንማ ተዉት። ከፎቶ ፎቶ ያልጠፋ አንድ ሰው ቢኖር ጊታሪስቱ ኬይዮ ነው። ባንዱ ማለት እሱ ነው። ኦስሞ ያለው በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ከዳር ቆሞ፣ ጸጉሩ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖት።

እንዴት ወጣ ቢባል፣ እናቱ ታመመችና አንድ ጸደይ ሙሉ ከራስጌዋ አልተለየም። ቀብሯት ሲመለስ በቦታው ሌላ ሰው ቆሟል። ኬይዮ "ሂድ" አላለውም፤ "ና"ም አላለውም። ኦስሞም አልጠየቀም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው! ሁለቱ ሰዎች ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ትንሽ ከተማ ኖረው፣ ገበያ ሲገናኙ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፉ ነበር።

ኦስሞ ግን አንድም አልበም አምልጦት አያውቅም። ከሥራ ሲመለስ ሳውናውን ያነድድና፣ እስኪሞቅ ቁጭ ብሎ ቤዙን ብቻ ለይቶ ያዳምጣል። የሚነቅፈው ሲያጣ ይከፋዋል፤ የሚነቅፈው ሲያገኝም ይከፋዋል። ናፍቆት እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ነው።

በመጀመሪያው አልበም መጨረሻ ላይ አሥራ አራት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን አለ። መሐል ላይ ሁሉም ጸጥ ይላሉ፤ ስድስት ምት ተቆጥሮ ቤዙ ብቻውን መግባት አለበት። በቀረጻው ዕለት ኦስሞ ዘግይቶ ገባ። ሌሎቹ እየተደናበሩ ተከተሉት፤ እንደገና ለመቅረጽ ጊዜ አልነበረምና ከነስህተቱ ወጣ። ታዲያ ወይ ጉድ፣ ሰው የወደደው ያንኑ ሆነ። ዘፈኑ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ከኦስሞ በኋላ የመጣ ቤዝ ተጫዋች ሁሉ የእሱን ስህተት ሲያጠና ኖረ።

ባለፈው የካቲት ኬይዮ ደወለ። የመጀመሪያውን አልበም እንደገና ሊቀርጹት እንደሆነ ነግሮት፣ ቅዳሜ ወደሚለማመዱበት ወደ ድሮው ወተት ፋብሪካ ብቅ እንዲል ጠየቀው። ሌላ አልጨመረም። ኦስሞ ስልኩን ዘጋና ተነሣ። ቤዙን ከቁም ሳጥን አወጣ፤ አዲስ ክር ገጠመለት፤ አራት ቀን ጣቱ እስኪላጥ ተለማመደ። ቦታው ሊመለስለት ነው፤ በቃ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል!

ቅዳሜ ሲደርስ በቦታው ላይ ሂልያ የምትባል፣ ሃያ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ቤዝ አንግታ ቆማለች። ኬይዮ የኦስሞን ሸክም አየና ዓይኑን ሰበር አደረገ።

"የራሷ ቤዝ አላት" አለ።

ከዚያ ጉዳዩን ነገረው። ልጅቷ አንድ ምት ጨምራ፣ ሰባት ቆጥራ ትገባለች፤ በቁጥሩ ልክ ናት፤ ግን ያ የድሮው አይደለም። እንዲያሳያት ነው የጠራው። ኦስሞ ቤዙን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እኔ ብሆን በሩን ድርግም አድርጌ እሄድ ነበር። እሱ ግን ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ክፍል ለመግባት ሲመኝ የኖረ ሰው ነውና እግሩ እምቢ አለው።

ሂልያ አንዴ ተጫወተችለትና ጠየቀችው።

"እርስዎ ስንት ነበር የሚቆጥሩት?"

"አልቆጠርኩም" አለ ኦስሞ። "መግቢያው ላይ ኬይዮ አየት አድርጎኝ በጭንቅላቱ ምልክት ይሰጠኝ ነበር። የዚያን ቀን አቀርቅሮ ቀረ። እኔ እሱን እያየሁ ጠበቅኩ።"

"እስከ መቼ?"

"እንደማያይሽ እስኪገባሽ ድረስ። ያኔ ብቻሽን ትገቢያለሽ።"

ጊታሩን እየቃኘ የነበረው ኬይዮ እጁ ቀጥ አለ። ይህን ነገር ሰምቶት አያውቅም።

እንደገና ጀመሩ። ጸጥታው ሲመጣ ሂልያ ኬይዮን አየች፤ ጠበቀች፤ ተስፋ ቆረጠችና ገባች። ቁርጥ የድሮው ነበር። ኦስሞ ሠላሳ ዓመት የእሱ ብቻ የነበረው ነገር ከእጁ ሲወጣ በጆሮው ሰማው። ከእንግዲህ እሱን የሚፈልጉበት ምክንያት የለም።

"ይኸው ነው?" አለ ኬይዮ።

"አልደረሰችም" አለ ኦስሞ። "ገና ይቀራታል። ነገም ቢሞከር ነው የሚሻለው።"

ዋሸ። ሂልያ ቀና ብላ አየችውና ክሯን ማጥበቅ ጀመረች። ኬይዮም ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ የሰማውን ያውቃል።

"እሺ፤ ነገም ና" አለ፤ ይህን ሲል ኦስሞን ዓይን ዓይኑን እያየው ነበር።