የስለቴ መጽሐፍ ቅዱስ

ስለት ስሳል አፌ ይቀድመኛል። ሌላው ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ አቅም ያጣ ደግሞ ጧፍ ይዞ ይሄዳል። ባሌ ከጅቡቲ ሲመለስ፣ መተሐራን አልፎ ጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሁለቱም እግሮቹ በተሰበሩ ጊዜ፣ እኔ አዳማ ውስጥ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ «በእግሩ ቆሞ ከሄደልኝ ቃልህን በሙሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት መስመር ሳልዘል አነባለሁ» አልኩ። ጥላ ብዬ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን እገላገል ነበር።

በእግሩ ቆመ። በሰባተኛው ወር ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከመኝታ ቤት እስከ ግቢው በር ሄደና ተመልሶ መጣ። እልልታዬን ሳልጨርስ ስለቴ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት ከራሴ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ባሌ ከወንድሙ ጋር በጋራ የገዙት ከባድ መኪና አላቸው፤ መኪናው ተጠግኖ ወንድሙ እየነዳው ነበር። ስለቴን እስክጨርስ ድረስ መሪ እንዳይዝ ለመንኩት። ለመንኩት ማለትም ይከብዳል፣ አዘዝኩት። ያልተፈጸመ ስለት እያለብኝ ያንን መንገድ ቢወጣ፣ የተሰጠኝ ተመልሶ የሚወሰድብኝ ይመስለኝ ነበር። እሱ እንኳን ለእንዲህ ያለ ነገር ለሻይ ስኳር የሚከራከር ሰው፣ «ቶሌ» አለኝ። የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ እሺ ለማለት የእናቱ ቋንቋ ይቀርበዋል። ከዚያ ወዲያ ሞጆ ደረቅ ወደብ እየዋለ ለወንድሙ ጭነት ማፈላለግ ጀመረ። በቀላሉ መስማማቱን እንደ ትልቅ ፍቅር ቆጠርኩለት።

ቀጥሎ የቀረው መጽሐፉ ነበር። ቤታችን ውስጥ ለሠርጋችን የተሰጠን አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ወረቀቱ ግራጫ፣ መሐሉ ላይ ከሠላሳ ገጽ በላይ ተገንጥሎ የወጣ። ስልኬ ላይም ጭኜ ሞክሬ ነበር። እኔ ሞጆ ትራንዚተር ነኝ፣ የነጋዴ እቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ፤ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ «ኮንቴይነሩ ለምን አልተለቀቀም?» የሚል መልእክት ከላይ ይንጠለጠላል። ደግሞም ልቤ አልፈቀደም። የሰው እግር ተመልሶልኝ በደቀቀ ፊደል፣ በተገነጠለ ገጽ አልከፍልም አልኩ። ቆንጆ መጽሐፍ ይገባዋል።

አዳማ ውስጥ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አወቀኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ አቧራዬን አራግፌ እገባለሁ፣ አስወርዳለሁ፣ እገልጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ሥራዬ እቃ መፈተሽ ስለሆነ አመሌ ለቆኝ አያውቅም። ስፌቱን አያለሁ፣ ጀርባውን ለጠጥ አድርጌ እለቀዋለሁ፣ ገጹን ወደ ብርሃን አንስቼ የወዲያኛው ፊደል ወደዚህ ያልፍ እንደሆነ እመለከታለሁ። አንዱ ሽፋኑ ላስቲክ ይሸታል፣ አንዱ ሲዘረጋ ተመልሶ ይከደናል፣ አንዱ የግርጌ ማስታወሻው ከቃሉ በላይ ቦታ ይዟል። ወራት አለፉ። ባሌ፣ መጽሐፍ ነው ወይስ ምራት የምትመርጪው እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ወይን ጠጁን ያገኘሁት አንድ የጥር ቅዳሜ ነው። ሻጩ ከላይኛው መደርደሪያ ከነካርቶኑ አወረደልኝ። ሽፋኑ እውነተኛ ቆዳ ነው፤ ጨለም ያለ ወይን ጠጅ፣ እጅ ላይ ሲያርፍ የሚለሰልስ። የገጾቹ ጠርዝ ሦስቱም ወገን ወርቅ ተቀብቷል። ሁለት ጥብጣብ አለው፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር። ገለጥኩት፤ ከፊደሎቹ ዙሪያ ነጩ ቦታ ሰፊ ነው፣ ዓይን አረፍ ይልበታል። ወረቀቱ እንደ መቂ ሽንኩርት የውስጥ ልጥ ስስ ነው፤ ግን ፊደሉ ጥቁርና ጉልህ ሆኖ ቆሟል። ከግርጌው ደቃቅ ማስታወሻ፣ መጨረሻው ላይ ባለቀለም ካርታ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ሁሉ ራቀኝ። እጄን ከመጽሐፉ ላይ አንስቼ በነጠላዬ ጠረግኩት፤ ንጹሕ እንደሆነ እያወቅኩ።

ሻጩ የሆነ ነገር ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ። «እህቴ፣ የሚፈልጉት…» ሲል አቋረጥኩትና ዝም ብለህ ጠቅልልልኝ አልኩት። ሰው ሲነግረኝ እስከ መጨረሻው ብሰማ ኖሮ ከብዙ ነገር በተረፍኩ።

ማንበብ የጀመርኩት በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነው። የወርቅ ጠርዝ ያለው አዲስ መጽሐፍ ገጾቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ እያንዳንዱን ገጽ በጥፍሬ ጫፍ ቀስ አድርጌ ማላቀቅ ነበረብኝ፤ ሲለቀቅ ጥቂት ድምፅ ያሰማል። ያንን ገጽ ከእኔ በፊት የከፈተው ሰው እንደሌለ አስብና ይገርመኛል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የማነበው እንደ ዕዳ ነበር፤ ዛሬ ስንት ገጽ፣ ነገ ስንት ገጽ። ከዚያ ሳላውቀው ነገሩ ተለወጠ። ሌላው ሰው የሚዘለው፣ ድንኳኑ ስንት ክንድ፣ መጋረጃው ስንት፣ ቀለበቱ ስንት የሚለውን ክፍል እኔ እንደ ጉድ ወደድኩት። ዕድሜዬን በሙሉ የእቃ ዝርዝር ሳመሳክር ኖሬ፣ እግዚአብሔር ራሱ ቁጭ ብሎ እቃ ሲዘረዝር ማየት ብርቅ ሆነብኝ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር እጣላለሁ። ወንድሙን የሚያታልለውን እሰድበዋለሁ፤ ባሌ ከመኝታ ቤት ሆኖ ከማን ጋር ነው ይለኛል።

አንድ ቀን ወደ መጨረሻው ገልጬ ካርታዎቹን አየሁ። ከካርታው ሥር በደቃቁ የተጻፈው፣ ዮርዳኖስ የሚፈስበት ሸለቆ የምድር ትልቅ ስንጥቅ አካል እንደሆነ፣ ስንጥቁም በቀይ ባሕር በኩል አልፎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ እንደሚዘልቅ ይናገራል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጽሐፉን በደረቴ ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና እየወጣች ነው፤ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይዞራሉ፣ ከወዲያ ሜዳው ወደ ወለንጪቲ ይዘረጋል። የቆምኩበት አፈር እነዚያ ሁሉ የተጠመቁበት፣ የተሻገሩት፣ ያለቀሱበት ሸለቆ ቀጣይ ነው። ባሌ የወደቀበት ጥቁር ድንጋይም ከዚያው ስንጥቅ የወጣ ነው። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ሥራ የገባሁት አርፍጄ ነው፤ ምክንያቱን ለአለቃዬ ለማስረዳት አልሞከርኩም።

የመጨረሻውን ገጽ የገለጥኩት ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ጨርሼ ከደንኩት፣ ሳምኩት፣ ግንባሬን አስነካሁት። ከዚያ ሌላ ማንንም ሳላናግር እናቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ በአራት ዓመቷ ከመንዝ የመጣች፣ ዳዊቷን ሳትደግም ውኃ የማትቀምስ ሴት ናት። ባሌ ፕሮቴስታንት ቤት ያደገ በመሆኑ ያኔ ስንጋባ ግማሽ ዓመት ያህል አኩርፋኝ ነበር፤ አሁን ከእኔ ይልቅ የምትወደው እሱን ነው። ስለቴን ፈጸምኩ ስላት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። መጽሐፉንም ተቀብላ ዳሰሰችው፣ ውበቱን አደነቀች። መነጽሯን አድርጋ መጀመሪያው ላይ ያለውን ማውጫ ገለጠች። ጣቷ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ እየቆጠረች ነው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ስልሳ ስድስቱ ነው» አለችኝ። «የኛ ሰማንያ አሐዱ አይደል?»

ሻጩ ሊጠይቀኝ የነበረውን ያኔ ነው የሰማሁት። የፕሮቴስታንቶቹ ስልሳ ስድስት፣ የእኛ የኦርቶዶክሶቹ ሰማንያ አንድ መጻሕፍት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔም አውቃለሁ። ወረቀት ፈትሼ፣ ስፌት ፈትሼ፣ ውስጡ ያለውን ሳልቆጥር የተረከብኩት እኔ የእቃ ፈታሿ ነኝ። እናቴ ፊቴን አይታ ደነገጠች፤ እግዚአብሔር የልብሽን ያያል አለችኝ። እኔ ግን «ቃልህን በሙሉ» ብዬ ነበር። የተናገርኩት በኛ ቤት አፍ ነው፤ ሙሉው ደግሞ በኛ ቤት ሰማንያ አንድ ነው። አሥራ አምስት መጻሕፍት ይቀሩኛል።

ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። ከልቅሶዬ በታች ደስታ ነበረ። ባሌ ገና አይሄድም፤ ገና ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር የኔ ነው። ይህን ደስታ ሳየው ያን ሁሉ ወር መጽሐፍ ስመርጥ፣ ስፌት ስጎትት የኖርኩት ለውበት ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። ማመስገኛ ብዬ የተሳልኩትን ስለት ሰው ማሰሪያ አድርጌዋለሁ። ማፈር ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አወቅኩ።

ባሌ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲጠርግ አገኘሁት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ደስታዬን ጭምር። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ብሩሹን አስቀመጠ።

«ገዝተሽው የመጣሽ ቀን አይቼዋለሁ» አለኝ። «እኔ ያደግኩት በስልሳ ስድስቱ ነው፣ ሳልገልጠውም አውቀዋለሁ። ስትጨርሺ እናትሽ አሥራ አምስት ይቀራል እንደሚሉሽም አውቅ ነበር።»

ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮህኩበት። ያ ሁሉ ጊዜ ሲስቅብኝ የኖረ መሰለኝ።

ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም። «አሥራ አምስቱን ለራሴ አስቀምጬያቸው ነበር» አለኝ። «መሪ መያዝ ፈርቻለሁ። አንቺ ከለከልሽኝ እያልኩ ለሰው ሳወራ የኖርኩት፣ እውነቱን አንቺም እንዳታውቂብኝ ነው።»

ባሌን አሥራ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ እግሩ ሲጠገን እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነው የወጣው። አዘዝኩት፣ እሺ አለኝ፣ ይወደኛል ስል የኖርኩት ሰው ከትዕዛዜ ጀርባ ተደብቆ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል። ቁጣዬ በአንድ ጊዜ ከውስጤ ወጣ። በዚያ ሁሉ ንባብ መካከል ደጋግሞ ያስደነቀኝ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ ፈርተው እንደነበር መጻፉ ነው፤ ነቢዩም፣ ንጉሡም፣ ሐዋርያውም። አንብቤ አልፌው ነበር እንጂ እንዲህ የፈራ ሰው እኔ ቤት ውስጥ፣ ጫማ እየጠረገ ይቀመጣል አላልኩም። አጠገቡ ተቀመጥኩና ትከሻውን ያዝኩት። እኔም ፈርቼ ነው አልኩት።

እሱም ቀና ብሎ አየኝ። አሥራ አምስቱን ቤት ሳይሆን መኪናው ውስጥ ሆነሽ ብታነቢልኝ እሞክራለሁ አለኝ። ትንሽ አሰብኩ። መሪ አትያዝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ስለ መሪ ያለኝ ነገር የለም። እሺ አልኩት።

እናቴ የራሷን ሰማንያ አሐዱ አዋሰችኝ። ጀርባው በፕላስተር ተለጣጥፏል፣ የገጾቹ ጠርዝ በጣቷ ወዝ ቡናማ ሆኗል፤ አንዳንዱ ገጽ የሰም ጠብታ አለው። ከወይን ጠጁ ጎን ሳስቀምጠው የትኛው እንደሚያምር መወሰን አቃተኝ። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ወንድሙ ቁልፉን ሲያስረክበን ዓይኑን አብሶ ዞር አለ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአዳማ ወጣን። ጋቢናው ከፍ ያለ ነው፤ ዓለም ሁሉ ከበታች ይታያል። ባሌ ሁለት እጁን መሪው ላይ አጥብቆ ይዟል፣ አንገቱ ላይ ላብ አለ። ወለንጪቲን ስናልፍ «ጀምሪ» አለኝ። ገለጥኩ። ስለ አንድ ልጅ ነበር፤ አባቱ ሩቅ አገር ልኮት፣ መንገዱን የማያውቅ፣ አብሮት የሚሄድ ሰው ሲፈልግ መልአክ ያገኘ፤ መልአክ መሆኑን ግን አላወቀም። እኔ እንዲህ ያለ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የመኪናው ድምፅ ስለሚያሸንፈኝ ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ጥቁሩ ድንጋይ ሲጀምር በዓይኔ ጥግ አየሁት፤ ቦታው ስንደርስ ቀና ብዬ ላየው፣ ልጸልይበት፣ ምናልባትም አቁም ልለው አስቤ ነበር።

«ከፍ አድርጊው» አለኝ፤ ድምፁ ተሰብሯል። ከፍ አደረግኩት። ልጁ ወንዝ ዳር ደርሷል፣ መልአኩ አትፍራ እያለው ነው፤ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ቸኩያለሁ፤ ገጹን ገለጥኩ፣ ደግሞ ገለጥኩ። ላብ ያራሰው ጣቱ ክንዴን ሲነካኝ ነው ቀና ያልኩት። ፊት ለፊታችን የመተሐራ ቤቶች ይታያሉ።

«አለፍነው» አለኝ። ጉንጩ ረጥቧል፣ እጆቹ ግን መሪው ላይ ላላ ብለዋል። ከዚያ መንገዱን እያየ፣ ልጁስ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀኝ።