ለጽሞናዬ ዝም ያሰኘኋቸው ሰዎች

ጽሞና የሚባለውን ቃል እንደ ማር እያላመጡ የሚያወሩ ሰዎች አጠገቤ ሲቀመጡ ደሜ ይፈላል። «ውስጥህን አሳርፈው፣ ልብህ ይርጋ» ይሉኛል። እኔ አርግቼው አይቻለሁ። የረጋ ልብ ምን እንደሚሠራ ከነሱ በላይ ስለማውቅ ለኔ ባይሰብኩኝ ይሻላል።

ቁጡ ሰው ነኝ፤ ከመተማ እስከ ሸሕዲ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። አባቴ ከደጋ ወርዶ ይህን በረሃ ያቀና ጊዜ መሬቱን ለአራት ልጆቹ አካፈለ፤ ቁጣውን ግን ለኔ ብቻ አወረሰኝ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ይብስብኛል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅህም። ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከአፈር ውስጥ ማን ይለቅመዋል? ስለዚህ መስከረም ሊያልቅ ሲል ከካቦው እጣላለሁ፣ ከትራክተር ነጂው እጣላለሁ፣ ደመና ካየሁ ከሰማዩም እጣላለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሚስቴ «አንተ ሰው፣ በዚህ ንዴትህ አንድ ቀን ድፍት ብለህ ትቀራለህ» ብላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሰደደችኝ። እሳቸውም እስክጨርስ ሰምተው፣ «በቀን አንዲት ሰዓት ዝም በል» አሉኝ። «ዓይንህን ጨፍነህ፣ ቀስ ብለህ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በል። ሐሳብ ሲመጣ አትጣላው። ድምፅ ሲመጣም አትከተለው፤ ይለፍ።» ያሉኝ ይህንኑ ነው። አንዲት ሰዓት፣ እኔ ራሴ። ስለ ሌላ ሰው አንድም ነገር አልተናገሩም።

ያን ዓመት ሃያ ያህል ሳሉጎች ነበሩኝ፤ በአጨዳ ሰሞን ከጎጃምም ከወሎም የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ቆለኞቹ እንዲያ ነው የምንጠራው። ሰሊጡ ውስጥ ተርታ ይዘው እየዘፈኑ ያጭዳሉ። አውጪው አንድ ስንኝ ያወርድና ከተርታው ጫፍ እስከ ጫፍ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፤ የተጠራውም «አለሁ!» ይላል። ከዚያ ሁሉም ባንድነት ይቀበላሉ። እንዲህ ሲሉ ይውላሉ። እኔም ጧት ጧት ማሳው ዳር ካለችው ጎጆዬ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀምጫለሁ። አንዱን እግዚኦ ሳልጨርስ «አለሁ!» ይላል አንዱ። ሁለተኛውን ስጀምር «አለሁ!» ይላል ሌላው። ኧረ በሕግ አምላክ! ማን ጠየቃችሁ?

በሁለተኛው ቀን አልቻልኩም። ባዶ እግሬን ወጥቼ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በኔ ማሳ ዘፈን የለም! ጧት ብቻ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ! መዝፈን ያማረው ሌላ እርሻ ይሂድ!» ብዬ ጮህኩ።

አውጪው ጎልማሳ የወሎ ሰው ነበር። ኮፍያውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ ለደስታ አይደለም እኮ የምንዘፍነው» አለኝ በትሕትና። «ሰው ሲያጎነብስ ሰሊጡ ይውጠዋል። አንዳችን ላንዳችን መኖራችንን የምናውቀው በዚህ ነው።»

«እንግዲያስ ቀና እያላችሁ ተያዩ!» አልኩት።

ውሃ ልታደርስ ከከተማ የመጣችው ሚስቴ ጀሪካኑን አስቀምጣ፣ «አንተ እኮ ዝም ብለህም ትጮሃለህ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ካቦውን ጠርቼ፣ ድምፁን ያሰማ ሰው የዚያኑ ቀን ይሰናበታል ብዬ አስነገርኩ።

በማግስቱ ጽሞናው መጣልኝ። አልዋሽም፣ መጣልኝ። ከማሳው የማጭዱ ኮሽታ ብቻ ይሰማል። እግዚኦው መጀመሪያ ከአፌ ወደ ጉሮሮዬ፣ ከዚያ ወደ ደረቴ ወረደ፤ በኋላ እኔ የምለው ሳይሆን እሱ በራሱ የሚባል መሰለኝ። ደመናውን ረሳሁት። ትራክተሩንም ረሳሁት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎ የኖረው ነገር ተነሥቶ ሄደ። አንዷ ሰዓት አለፈች፤ እኔ ግን ከዚያ ቦታ ንቅንቅ ማለት አልፈለግሁም። እንባዬ ይወርድ ነበር።

አራት ሰዓት ገደማ ይመስለኛል፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ደካማ ነበር፤ «ውሃ» ይሁን «ወየው» አልለየሁትም። የሰው ድምፅ መሆኑን ግን ለይቻለሁ። እዚህ ላይ ራሴን አልሸነግልም። «ድምፅ ሲመጣ አትከተለው» የሚለው ትዝ አለኝ። ፈተና ነው አልኩ። ዓይኔን ሳልገልጥ አማተብኩና ወደ ጸጥታዬ ተመለስኩ። ድምፁ አንዴ ተደገመ፤ ከዚያ ቆመ። ፈተናውን አለፍኩት ብዬ ደስ አለኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲሰበሰቡ አንድ ሰው ጎደለ። ከጎጃም የመጣው፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ እኔ ጋ ያጨደው ሠራተኛ ነው። ያገኙት ከጎጆዬ በር አርባ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ካልታጨደው ሰሊጥ ጠርዝ ላይ ወድቆ ነው። ወባው ሲነሣበት ሊያስመልሰው ሲል ከተርታው ወጥቶ፣ እዚያው ድፍት ብሏል። ሌሎቹ እያጨዱ በወዲያኛው በኩል ርቀው ሄደዋል። ስሙን የጠራ የለም፤ አለመመለሱንም ያወቀ የለም። ያ የመተማ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አናቱ ላይ ነድዶበታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ዓይኑ ወደ ላይ ተገልብጧል።

በትራክተሩ ተጎታች ላይ ጭነን ሸሕዲ አደረስነው። ጤና ጣቢያው፣ ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል፣ ለመትረፉ ዋስትና የለንም አለን። አውጪው እስክንደርስ ድረስ የበሽተኛውን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ በስሙ ይጠራው ነበር። በሽተኛው አይመልስም። እኔ በዚያ ሁሉ መንገድ የሞተሩን ጩኸት እየሰማሁ፣ ስሙን እንኳ ልብ ብዬ አላዳመጥኩም። እንዳይሞት ብቻ እለምን ነበር፤ ለሱ ይሁን ለራሴ እንጃ።

ሠራተኞቹ የዚያኑ ቀን ጥለውኝ ሄዱ። ግማሽ ማሳዬ እንደቆመ ረገፈ። ይርገፍ!

የንስሐ አባቴ ዘንድ የሄድኩት ልናዘዝ ሳይሆን ልጣላ ነው። «ድምፅ ሲመጣ አትከተለው አላሉኝም?» ብዬ ጮህኩባቸው። ለወትሮው ቃል ከአፋቸው የማይወጣው ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«የልብህን ወሬ አልኩህ እንጂ የሰው ጣር አልኩህ? ደግሞስ አንተ መቼ ዝም አልክ? ሰው ዝም አሰኘህ እንጂ! ሂድ፣ እግሩ ላይ ውደቅ።»

ጸጥታዬ ውሸት ነበር ቢሉኝ ኖሮ እፎይ ባልኩ። እሳቸው ግን ውሸት ነበር አላሉኝም፤ እኔም አልልም። እውነተኛ ነበር። አርባ እርምጃ ላይ ሰው እየሞተ ሊጣፍጠኝ የሚችል እውነተኛ ጸጥታ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በስድስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ ሲሉኝ፣ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ዘበኛው «ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ በር ላይ አስጣለኝ። ባዶ አንገቴን ገብቼ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ዓይኑ ግን ጥርት ብሏል።

«ይቅር በለኝ» አልኩት። «ድምፅህን ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ነው የተውኩህ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። «የጎጆው በር ክፍት ነበር። ሲያማትቡ አይቼዎታለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ፣ «እግዜር ይቅር ይበልዎ፤ እኔ ቂም አልይዝም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው የሚናገረውን ተናገርኩ፤ ዕድሜ ልኬን በጸሎቴ አስብሃለሁ አልኩት። ይህን ስል ስሙን እንደማላውቅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «አንተ ጎጃሜው» እያልኩ ብቻ እንደጠራሁት ትዝ አለኝ።

«የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለ። «እዚያ ጸሎትዎ ውስጥ እኔን አያስገቡኝ።»