ፊቴን ወደ መስኮቱ

ቡራዩ ያለው ቤታችን ውስጥ ብርሃን እንደ ልብ የሚገባው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የባሌ አባት ይተኙበታል። ሱሉልታ ላይ ከብት ሲያስገቡ አዳልጧቸው እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጡት። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ያን ብርዳም ቤት ብቻቸውን በምርኩዝ ሲዞሩት ይዋሉ የሚል ጨካኝ ከመካከላችን አልተገኘም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሮ የምሰፋው ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መሃል ተሸጉጬ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም መቀበል ስጀምር ግን ጨርቁ ከሶፋው ተርፎ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ባሌ አንድ ቀን ከወጡ ውስጥ ክር መዝዞ አወጣና «ይሄ ቤት ነው መርካቶ?» አለኝ። አባቱ ሰምተው ኖሮ «የስፌት መኪናዋን እኔ ክፍል አስገቡላት። እኔ ብርሃኑን ምን አደርግበታለሁ?» አሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ባሌ ስንገፋና ስንጎትት ዋልን። ቁምሳጥኑ ወደ ሳሎን ወጣ፤ በቦታው የመቁረጫው ጠረጴዛ ገባ። ክሮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ መደርደሪያው ላይ፣ ካውያውን ከሶኬቱ አጠገብ አስቀመጥኩ። የአባባ አልጋ በሩ አጠገብ እንደነበረ ቀረ። የተጣላነው በስፌት መኪናዋ ነው። ባሌ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጎ ሊያቆማት ሲል ጮህኩበት።

«አባትህን ጀርባ ሰጥቼ ልዋል? አሳዳጊ የበደላት ልታሰኘኝ ነው?»

ሰበታ ያሳደገችኝ እናቴ ሰው ባለበት ጀርባ ሰጥቶ መቀመጥን ከስድብ አትለየውም ነበር። ታክሲ ውስጥ እንኳ ፊት ወንበር ከተቀመጠች ኋላዋ ላሉት «ጀርባዬን ይቅርታ» ሳትል አትሄድም፤ እነሱም «ጀርባ የለዎትም» ይሏታል። እኔ ደግሞ ምራት ነኝ። በባሌ ወገን ምራትና አማት የሚከባበሩት እስከ መተፋፈር ነው፤ በአባባ ፊት ሳልፍ እንኳ ነጠላዬን አስተካክዬ ነው። ስለዚህ መኪናዋን አዞርኳት። መስኮቱ ከጀርባዬ፣ አባባ ከፊቴ ሆኑ። ባሌ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ አባባ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ እየጠየቅኩ እገባለሁ። «ነጋ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ደህና፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ እግራቸውን መሬት አውርደው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ልክ ለሽምግልና እንደተጠራ ሰው። ሐኪሙ እግራቸው ትራስ ላይ ከፍ ብሎ እንዲውል አዞ ነበር። «ጋደም ይበሉ እንጂ» ስላቸው «ደህና ነኝ» ነው መልሳቸው። እግራቸው ማታ ማታ እንደ ሊጥ ያብጣል።

እኔም ደህና አልነበርኩም። ጥላዬ መርፌዋ ላይ እያረፈ የምሰፋውን አላይም፤ መብራት የጠፋ ቀንማ ዳበሳ ነው። እንዲያም ሆኖ መኪናዋን ማዞር በሐሳቤ አልመጣም።

አንድ ምሽት ወጥ ቤት ሆኜ አባባ ለልጃቸው ሲነግሩት ሰማሁ።

«ሱሉልታ ውሰደኝ።»

«ምን ጎደለብዎት?»

«ምንም አልጎደለብኝም። ቤቴ ይሻለኛል።»

ባሌ ብዙ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ቅዳሜ የጓደኛውን ፒካፕ ተውሶ ሊወስዳቸው ቃል ገባ። እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ክፍላቸውን ቀምቼ አባረርኳቸው ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባት የመኪናዋ ድምፅ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ጠዋት ተነስቼ ከፔዳሉ ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። እሳቸው ያንንም አይተው እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

በዚያው ጠዋት አንዷ ደንበኛዬ የልጇን ጉርድ ይዛ መጣች። ሰማያዊውን ጉርድ በጥቁር ክር ሰፍቼላታለሁ። እኔ! ከለር በመለየት የምኮራው! ጥቁር ክር ከሰማያዊ ጨርቅ ላይ ለመፍታት ደግሞ ብርሃን ግድ ነው። አማራጭ ስላጣሁ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ጀርባዬን ይቅርታ፣ አባባ።»

«ጀርባ የለሽም፣ ኢንተላ ኮ።»

አንገቴን ደፍቼ ክር መልቀም ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ አልጋው ተንቋቋ። ጋቢው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ማንኮራፋት። ቀስ ብዬ በትከሻዬ በኩል አየሁ። አባባ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ የታመመው እግራቸው ትራስ ላይ ነው፤ ባርኔጣቸው ወድቋል። መላጣቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

ለካ ፊቴን ስሰጣቸው ነው ያሰርኳቸው። ምራታቸው እያየቻቸው እንዴት ይጋደማሉ? እኔ እሳቸውን አክብሬ በጨለማ ስሰፋ፣ እሳቸው እኔን አክብረው በተሰበረ እግር ሲቀመጡ፣ በአክብሮት ልንጋደል ነበር። ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ። ክሩን በጥርሴ ነክሼ ያዝኩት።

ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ግቢ ሲወጡ መኪናዋን ብቻዬን እየገፋሁ ወደ መስኮቱ አዞርኳት። ተመልሰው አይተዋት ወደ አልጋቸው አለፉ። እኔም ለምን እንዳዞርኳት አልነገርኳቸውም፤ ብናገር ማሳፈር ነው። ግን ውሃ ቢጠማቸው በምን አውቃለሁ ብዬ ደንበኞቼ ልብስ ሲሞክሩ የሚያዩበትን መስታወት መስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩ። ብልጠቴ መሆኑ ነው። ወዲያው መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ አባባ ደንግጠው እግራቸውን አወረዱ። መስታወቱን አንስቼ ሳሎን ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ የማያቸው በጆሮዬ ሆነ። ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ውሃ ነው፤ አልጋው ሁለቴ ከተንቋቋ ጎናቸውን አዙረዋል፤ ሲያንኮራፉ ፔዳሉን ቀስ አድርጌ እረግጣለሁ።

አርብ ዕለት አንዲት ደንበኛ ሳልሰማት በሩ ላይ ቆማ ኖሮ፣ አባባ ከኋላዬ «ኢንተላ ኮ፣ ሰው መጥቷል» አሉኝ። ያን ቀን የመጣውን ሁሉ ነገሩኝ፤ የጎረቤትን ዶሮ ሳይቀር። እየሳቅኩ «እሺ አባባ» እላለሁ፤ ወዲያው ነገ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ይለኝና ሳቁ ይጠፋብኛል። እንዳይሄዱ ፈልጌ ነበር። ከባድ ፍላጎት ነበር፤ ግን ምራት አማቷን አትሂዱ ብላ እጃቸውን አትይዝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ፒካፑ ግቢው በር ላይ ሲቆም ሰማሁ። ባሌ ገባ። ለመሰናበት ተነስቼ መቆም ነበረብኝ፤ እኔ ግን አንድ ኪስ ላይ ስፌት እየደጋገምኩ እሰፋለሁ።

«አባባ፣ ደርሻለሁ። ዕቃዎን ላውጣ?»

አልጋው አልተንቋቋም።

«የት ልሄድ?»

«ሱሉልታ ነዋ። እርስዎ አይደሉ ውሰደኝ ያሉኝ?»

«ብያለሁ» አሉ አባባ። «ልጅቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነው የምትውለው። መኪናዋ ስትንኳኳ ሰው ቢገባ አትሰማም። እኔ ከሄድኩ በሩን ማን ያይላታል?»

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ጨርቁ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም በእንባ ደበዘዘብኝ። ዞሬ ላያቸው ፈለግሁ። አልዞርኩም፤ ከዞርኩ እግራቸውን ከትራሱ ላይ ያወርዳሉ።