ሁለተኛው ወንዝ

የሻው ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። ወንበር ላይ ቢያስቀምጡት ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሻይ ቢያቀርቡለት ቆሞ ይጠጣል፣ ዜና የሚሰማው ከመስኮቱ እስከ በሩ እየተመላለሰ ነው። ሚስቱ ታንጉ «እኔ ያገባሁት ባል ሳይሆን መንገደኛ ነው» ትላለች። በእስራኤል፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ ማልገዛ የሚለውን ዕቃ ማንሻ መኪና እየነዳ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። አለቃው ይወደዋል፤ በዕረፍት ሰዓት የማያርፍ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?

ይህ እግር ያለ ምክንያት አልመጣም። የሻው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። ጎንደር ሳለ አባቱ የሠሩትን ማረሻና ማጭድ በአህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ ሲዞር ነው ያደገው፤ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጣ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፣ የማያውቀው አቋራጭም አልነበረም።

ከኢትዮጵያ በመጡት ወገኖቹ ዘንድ የሚታወቀው ግን በእግሩም በመኪናውም አይደለም። የሻው ዘር ቆጣሪ ነው። ሁለት ልጆች ሊጋቡ ሲያስቡ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባት ውስጥ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ እንደ ወንድምና እህት ናቸው፣ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይህን ሥራ አጎቱ ሲሞቱ ለእሱ ተውለት። ስሞቹ ግማሾቹ በጭንቅላቱ፣ ግማሾቹ በሦስት የተማሪ ደብተር ውስጥ አሉ፤ ከሌሎች ከተሞች፣ ከሐዴራም ከነታንያም «የሻው፣ እስቲ እነዚህን ልጆች እያቸው» ብለው ይደውሉለታል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ልጁ ሽሪ የግዴታ ውትድርና ላይ ሳለች ለዕረፍት በመጣችበት ጊዜ የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ምድርን ከሰማይ የሚያሳይ ጉግል ኧርዝ የሚሉትን ነገር ጫነችለት። መጀመሪያ የአፉላ ቤታቸውን ጣራ አሳየችው። ከዚያ ዓለሙን አዙራ ጎንደር አደረሰችው። ሌላው ሰው ይህን ሲያይ አገሩን ፈልጎ፣ ዓይኑን ጠርጎ ይዘጋዋል። የሻው ሥራ አገኘለት። የቅድመ አያታቸውን ስም ሲጠየቁ «ኧረ እኔስ ረሳሁት» የሚሉ ሽማግሌዎችን እያመጣ ስክሪኑ ፊት ያስቀምጣቸውና ከሚያውቁት ገበያ ላይ ያስነሳቸዋል። እነሱ መንገዱን ይነግሩታል፣ እሱ በማውሱ ይሄዳል። ሾላው ጋ ሲደርሱ ከሾላው በታች የነበረው ቤት ትዝ ይላቸዋል፤ ቤቱ ትዝ ሲላቸው ባለቤቱ፣ ባለቤቱ ሲመጣ አባቱ ይከተላል። በስልክ ሁለት ዓመት ያልተገኘ ስም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገኛል።

«አባ፣ ይሄ ነገር ለዚህ አልተሠራም እኮ» አለችው ሽሪ።

«ታዲያ ለምንድን ነው የተሠራው?»

«አላውቅም። ሰዎች ጣራቸውን እንዲያዩ።»

«ጣራ ለማየት ሳተላይት!» አለና ሳቀባት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሽሪ ከጦሩ ወጥታ ነርስነት ስትማር፣ አንድ ቅዳሜ ሲመሽ፣ ሳሎን ቆማ ልታገባው ስለምትፈልገው ልጅ ነገረቻቸው። ስሙ ሊአድ ነው፣ ሐዴራ ነው የሚኖረው፣ ቴክኒሻን ነው።

«የማን ወገን ነው?» አለ የሻው፣ እየተመላለሰ።

«ያሳደገችው ሳፍታው ናት፤ አያቱ። አቻምየለሽ ትባላለች።»

የሻው ባለበት ቆመ። ታንጉም ቀና ብላ አየችው። አቻምየለሽ የሽማግሌው የጋሹ እህት ናቸው፤ በጋሹ ቤት ደግሞ የሻው አንድ ጊዜ ፈርዷል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጉግል ኧርዝን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት፣ የአጎቱ የልጅ ልጅ ኤስቴር የጋሹን የልጅ ልጅ ታደገን ልታገባ ነበር። ቁጠራው ጀምበሬ የሚባል የጋሹ ቅድመ አያት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጀምበሬ የተወለደበትን መንደር ስም የሚያውቅ ጠፋ። የሻው ጋሹን ስክሪኑ ፊት አስቀመጣቸው። በዚያን ጊዜ ያ አገር ጥርት ብሎ አይታይም፤ አረንጓዴና ቡናማ የተቀባባ ነገር ነበር። ጋሹ «ከገበያው ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲወጡ ነው» አሉ። የሻው የሚታየውን አንድ ወንዝ ተሻገረ፣ ዳገቱን ወጣ፣ ጭልቃ ደረሰ። ጭልቃን ደግሞ ያውቀዋል። የቆረቆሩት አባ ገላው ናቸው፣ እዚያ የተወለደ ሁሉ የእሳቸው ዘር ነው፤ የሻውና ኤስቴርም ከእሳቸው የወጡ ናቸው። ጋሹ ስክሪኑን አፍጥጠው አይተው «እንዲህ ቅርብ አልነበረም መሰለኝ» ብለው ነበር። የሻው ግን ቀድሞውኑ ከወንበሩ ተነሥቷል። «ከላይ ሲታይ ሁሉም ቅርብ ነው» አለና ደብተሩን ዘጋ። ስድስት ቤት። አይሆንም።

ኤስቴር ያን ቀን አላለቀሰችም። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ፣ አጥባ፣ ወጣች። ታደገ በዓመቱ ነታንያ ውስጥ ሌላ አገባ፣ ጋሹም ሞቱ። ኤስቴር እስካሁን ብቻዋን ናት።

እንግዲህ ኤስቴርና ታደገ ዘመድ ከሆኑ ሽሪና ሊአድም ዘመድ ናቸው፤ ቁጥሩ አንድ ነው። የሻው ይህን ለልጁ ሲነግራት ሽሪ መጀመሪያ ሳቀች፤ ዕብራይስጥ እየቀላቀለች መለሰችለት።

«ሰባት ዶሮት? ማ ፒቶም፣ ምን ሲባል አባ! ማነው አሁን ሰባት ትውልድ የሚቆጥር?»

«እኔ ነኛ!»

ያኔ ሳቋ ቆመ። ብዙ አልተከራከረችውም፤ ብትከራከረው ይሻለው ነበር። «ያለ አንተ ምርቃት አላገባም» አለችው። «ግን ሌላ ሰውም አላገባም። እንድታውቀው ብዬ ነው።» ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ከዚያ በኋላ የሻው የባሰበት ሆነ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን አድርጎ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ እንደቆመ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። ከገበያው ይወርዳል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ጭልቃ ይደርሳል። በማግስቱም እንዲሁ። ምን እንደሚፈልግ ራሱም አያውቅም። ያ የተቀባባ ሥዕል ግን ንቅንቅ አይልም። ታንጉ «አገሩ ሊነቃነቅልህ ነው?» ብላ ትሄዳለች። ሽሪ ከክፍሏ እየወጣች ትከሻው ላይ አሻግራ ታይና ምንም ሳትል ትወጣለች፤ እህል መቅመስ ቀንሳ ነበር፣ የሻው ደግሞ ይህን ያያል።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ሲከፍተው አገሩ ጥርት ብሎ ጠበቀው። አዲስ ፎቶ ተለጥፏል። የእርሻው ድንበር ሳይቀር ይታያል፣ የቆርቆሮ ጣራዎች ያብረቀርቃሉ። ወንዙ በበጋ ደርቆ በዳርና በዳሩ የዛፍ መስመር ሆኗል። ከጭልቃ ዳገት ጀርባ ደግሞ ሌላ የዛፍ መስመር አለ። ከዚያ ማዶ ማንም የማይኖርበት የመንደር ፍርስራሽ፣ የክብ ቤቶች መሠረት። የሻው ቦርሳውን እንዳነገተ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ሁለት ወንዝ ነው፤ ጋሹ «እንዲህ ቅርብ አልነበረም» ያሉት ለዚህ ኖሯል።

ያን ቀን ማልገዛውን ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር አጋጨው። ደስታው መንዳት ከለከለው፤ «ልጄ ዳነችልኝ» እያለ ለብቻው ያወራል። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣበት። ሽሪ ነጻ ከሆነች ኤስቴርም ያን ጊዜ ነጻ ነበረች።

ማታ ለታንጉ ሲነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለልጁ ሲሆን ወንዝ ጨመረ ነው የሚሉህ!»

«አልጨመርኩም። እዚያው ነበር።»

«እኔ አምንሃለሁ። ሰዉስ?»

እውነቷን ነው፤ እሱም ራሱን አላመነም። ዓይን የሚፈልገውን ያያል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳይናገር፣ አቻምየለሽን ይዟቸው እንዲመጣ ለሊአድ ደወለለት። ሐሙስ ዕለት ከሐዴራ በአውቶቡስ መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። የሻው ሽሪንና ሊአድን ወደ ውጭ አስወጣና አሮጊቷን ስክሪኑ ላይ ካለው ገበያ አቆማቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ይምሩኝ። ካላሉኝ አልንቀሳቀስም።»

አቻምየለሽ ስክሪኑን ትንሽ ታገሉት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሥዕሉን ለአንተ ተውኩት። እኔ በእግሬ ነው የማውቀው።»

ከገበያው ወረዱ። ድንጋያማውን ቦታ፣ ጠበል ያለበትን አለፉ። ወንዙን ተሻገሩ፣ ዳገቱን ወጡ። የሻው ጭልቃ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ቆመ። እኚህ ሴት አሁን አዎን ካሉ ልጁ ሳታገባ ትቀራለች፣ ያንንም ያውቃል።

«ደረስን፣ እማማ?»

«ምን ደረስን ትለኛለህ!» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ይሄ ጭልቃ ነው። ገና አንዱን ወንዝ ነው የተሻገርን። ቁልቁል ውረድ፣ አትቸኩል፣ ያዳልጣል።»

ወረደ። ሁለተኛውን ወንዝ ተሻገረ። ፍርስራሹ ላይ ሲደርሱ አሮጊቷ ቤቶቹን ከዳር ጀምረው ይጠሯቸው ጀመር፤ የማን በረት፣ የማን ጓሮ። ጀምበሬ የተወለደው ሦስተኛው ቤት ነው። «አባታቸው ከወገራ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። ከጭልቃ ሰዎች ጋርማ ገበያ እንጂ ዘር አልተጋራንም» አሉ። የሻው እየጻፈ ሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቆጠረ። የትም አልተገናኙም። በረንዳ ላይ ሽሪና ሊአድ ሲጠብቁ ነበርና ፊቱን አይተው ገባቸው። ሽሪ እንደ ሕፃን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አቻምየለሽም «እኔን ማን ያቅፈኛል?» ብለው ተቆጡ።

የሻው ያን ሌሊት ደስ ብሎት አልተኛም፣ አዝኖም አልተኛም። ወሬ ክንፍ አለው፤ ኤስቴር ከሌላ ሰው ሳትሰማ መሄድ ነበረበት። እሑድ ጠዋት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደ። እሑድ በዚያ አገር የሥራ ሳምንቱ የሚጀምርበት፣ ወታደሩ ሁሉ ወደ ጦር ሰፈሩ የሚመለስበት ቀን ነው፤ ጣቢያው በቦርሳና በጠመንጃ ተጨናንቋል። ኤስቴር እዚያ ቡሬካስ የሚሉት፣ አይብ የታሸገበት ቂጣ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሠላሳ ዓመት ሊሆናት ነው። ሲያያት ሦስት ጊዜ ያህል እስከ አውቶቡሱ መሳፈሪያ ሄዶ ተመለሰ።

«ጋሼ የሻው፣ ይምጡ እንጂ» አለችው በመጨረሻ። «እማማ አቻምየለሽን ሐሙስ ዕለት አየኋቸው። በዚህ ነው ያለፉት። ምን እንደመጡ ሳስብ ነው የሰነበትኩት።»

ነገራት። አላሳመረውም። ወንዙ ሁለት እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ሥዕሉ ደብዛዛ እንደነበረ፣ እሷና ታደገ ዘመድ እንዳልነበሩ ነገራት። ኤስቴር እየሰማች ለአንድ ወታደር ቡሬካስ በወረቀት ጠቀለለች፣ የገንዘቡን መልስ ሰጠችው። ከዚያ እጇን መደርደሪያው ላይ አሳረፈች።

«ደብዛዛ መሆኑን ያኔ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላውቅም አላሉም?»

«ሽሪን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ በሁሉም ፊት እናገራለሁ» አለ የሻው። «ሁለተኛውን ወንዝ አላየሁትም ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ሰው ይወቅልሽ።»

ኤስቴር መደርደሪያው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ጠረገች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

«ለሽሪ ስንት ቀን ነው ከፍተው ያዩት?»

«ሁለት ወር። በየቀኑ።»

«ለኔስ?»

«አንድ ቀን» አለ የሻው።

«የወንዙን ነገር ይተዉት» አለች። «ይህን ይንገሩልኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት የሊአድ ሽማግሌዎች ሲመጡ ቤቱ ሞልቶ ነበር። የሻው ተነሥቶ ቆመና ልክ እንዳለችው ነገራቸው፤ ለልጄ ሁለት ወር አየሁ፣ ለሰው ልጅ አንድ ቀን፣ አለ። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም ልጅቱን ጠየቁ፣ ተሰጠቻቸው። ሽሪ በበልግ ተዳረች። ኤስቴር ሰርጉ ላይ አልመጣችም፤ ከዚያ ወዲህም «ልጆቹን እስቲ እያቸው» ብሎ ለየሻው የደወለ ሰው የለም።