ለሊምፖፖ የሚሆን ቅባት

የሚስቴ ወንድም ከደቡብ አፍሪካ በስተሰሜን ሊምፖፖ ጠረፍ ሱቅ ሊይዝ የተነሳ ቀን፣ ጆሃንስበርግ አይቮሪ ፓርክ ካለው ሱቄ መደርደሪያ ላይ አበባ አበባ የሚሸት የቢንቢ መከላከያ አነሳ። የምሸጠው እኔው ነኝ፤ ለጆሃንስበርግ ይበቃል። እዚህ ቢንቢ ብትነክስ ታሳክካለች እንጂ ወባ አታስይዝም። እዚያ ታስይዛለች።

«እሱን መልሰህ ያኛውን ያዝ» አልኩት። ያኛው ዲት የሚባለው መድኃኒት አለበት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ የዕቃ ጽሑፍ ሳላነብ አላልፍም።

«ይሄ እኮ ይገማል፣ ጋሼ። ደንበኛ ያባርርብኛል። ደግሞ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፤ ወባን ለምጃታለሁ።»

«አገርህን ከለቀቅህ ቆየህ፤ ሰውነትህ ረስቷታል። አመሻሽ ላይ በሱቁ የብረት ፍርግርግ መስኮት እጅህን እያወጣህ ነው የምትሸጠው፤ እሷም የምትወጣው ያኔ ነው። ታናሽ ወንድሜም ለምጃታለሁ ይል ነበር። ቀበርነው።»

እሱ ግን አበባ የሚሸተውን እንደያዘ ወደ በሩ ሄደ።

«ለእህትህ መርዶ አልነግርም» ብዬ ከእጁ ነጥቄ ያኛውን አስያዝኩት። ታክሲው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሲመሽ እንዴት እንደሚቀባ እዚያው እንዲያሳየኝ ሱሪውን አስጠቀለልኩት። እጁንም ቁርጭምጭሚቱንም ተቀባ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ያዙ። ይያዙ።